አይን የለሽ የተባሉት ሽሪምፖች

ስለ ሽሪምፕ ልጽፍ ነው ስል ከጓደኞቼ አንዱ "የምግብ ዝግጅት አምድ ጀመርሽ እንዴ?" አለኝ። አይፈረድበትም። ለአብዛኞቻችን ሽሪምፕ ማለት የትልልቅ ሆቴሎች ሜኑ መጨረሻ ገጽ ላይ ዋጋው ታይቶ የሚታለፍ ነገር ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባህር ፍጥረት በማይበላበት ቤት ላደገ ሰው ደግሞ ዋጋውም አያሳስበውም። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ግን ማንም ጠብሶ ስላልበላው ሽሪምፕ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ፣ ከሦስት ሺ ሜትር በላይ ጥልቀት፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ እርሳስ የሚያቀልጥ ሙቀት ያለው ውሃ በሚተፉ ጉድጓዶች ዳር በሺዎች ተደራርቦ ይኖራል። ሳይንቲስቶች ስም ሲያወጡለት "አይን የተነፈገው" አሉት። እሱ ግን አይን ነበረው። አይኑን የፈለጉት ሌላ ቦታ ላይ ስለነበር ነው ያጡት።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ላይ ዜና ከትኩሱ እንዲጀመር ነው የሚነገረን፤ ታሪክ ግን ከሥሩ ሲጀመር ይጥማል። ስለዚህ ወደ 1977 እንመለስ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አትቆጡኝ)። እስከዚያ ዓመት ድረስ የመማሪያ መጻሕፍት ስለ ጥልቅ ባህር የሚሉት ነገር አጭርና አሰልቺ ነበር። ሕይወት ሁሉ የሚኖረው በፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ወደዚያ ጥልቀት አትደርስም፤ ስለዚህ ታች ያሉት ፍጥረታት ከላይ የሚረግፍላቸውን ፍርፋሪ እየለቀሙ የሚኖሩ ጥቂት ድሆች ናቸው። በአጭሩ፣ ውሃ የሞላበት በረሃ።

በ1977 የካቲት ወር አንድ የጂኦሎጂስቶች ቡድን ከጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ የባህሩን ወለል ሊያጠና ሄደ። ፍለጋቸው ሕይወት አልነበረም፤ ፍል ውሃ ነበር። የምድር ቅርፊት በሚሰነጠቅበትና አዲስ ወለል በሚወለድበት ቦታ ላይ የሞቀ ውሃ መውጣት አለበት የሚል ግምት ነበራቸውና ያንን በአይናቸው ሊያረጋግጡ ነው። መጀመሪያ ካሜራና ቴርሞሜትር የተገጠመለት የብረት ሳጥን ከመርከባቸው በገመድ አወረዱ። ሳጥኑ ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ ሲያነሳ አደረ። ቴርሞሜትሩ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ የሙቀት ጭማሪ መዘገበ። ፎቶዎቹ ታጥበው ሲታዩ ከሦስት ሺው መካከል 13ቱ ላይ ብቻ ነጫጭ ዛጎል ያላቸው እንስሳት ተኮልኩለው ተገኙ። በማግስቱ "አልቪን" የምትባለው ትንሽዬ ሰርጓጅ ጃክ ኮርሊስንና ቲርድ ቫን አንደልን ይዛ 2,500 ሜትር ያህል ወረደች። ያዩት በረሃ ሳይሆን ገበያ ነበር።

ከቡድኑ ውስጥ አንድም የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም! ማን ያስባል? ድንጋይ ሊያዩ ነው የሄዱት። ናሙና ማቆያ መድኃኒት እንኳ በቅጡ አልያዙም ነበርና፣ ከእንስሳቱ የተወሰኑትን ያቆዩዋቸው ፓናማ ላይ በገዙት የሩሲያ ቮድካ ነው። ይቺን ነገር ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የሥነ ሕይወት ግኝት በቮድካ ተዘፍዝፎ ነው ወደ ላቦራቶሪ የገባው።

እኛ መቼም ለፍል ውሃ እንግዳ አይደለንም። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወድደው ቤት ባሠሩበት ቦታ የበቀለች ከተማ ናት። የባህር ወለሉ ፍል ውሃም በመሠረቱ ያው ነው። ቀዝቃዛው የባህር ውሃ በስንጥቆች ወደ ምድር ቅርፊት ይሰርጋል፤ ታች ያለው የቀለጠ ድንጋይ ያግለዋል፤ ውሃው በመንገዱ ላይ ብረት፣ መዳብና ዚንክ እያሟሟ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለውን የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ተሸክሞ ተመልሶ ይወጣል። ልዩነቱ ግፊቱ ላይ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ያለው የውሃ ክብደት ከላይ ስለሚጫነው 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስም አይፈላም። ሁለት ዲግሪ ከሆነው የባህር ውሃ ጋር ሲጋጭ ግን የተሸከመው ማዕድን ሁሉ ባንዴ ይረግፍና ጥቁር ጢስ ይመስላል። የረገፈው ደግሞ እየተጠራቀመ የጭስ ማውጫ ይሠራል። እነዚህ "ጥቁር ጢሰኞች" በ1979 ከሜክሲኮ ወዲህ ባለው ፓሲፊክ ውስጥ ሲገኙ የአልቪን የሙቀት መለኪያ ፕላስቲክ ጫፉ ቀልጦ ተመለሰ።

በዚያ ጋዝ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ተክል የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ምግቡን እንደሚሠራ ሁሉ እነሱ ከጋዙ ኬሚካላዊ ጉልበት ምግብ ይሠራሉ። የፍል ውሃው መንደር በሙሉ የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ፀሐይ የዚያን መንደር ምግብ አታበስልም ማለት ነው።

አሁን ወደ አትላንቲክ። ከፓሲፊኩ ግኝት በኋላ ብዙ ባለሙያዎች አትላንቲክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይኖርም ብለው ደምድመው ነበር። ምክንያታቸውም ሞኝነት አልነበረም። የአትላንቲክ ወለል የሚሰነጠቀው በዝግታ፣ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በዚህ ቀርፋፋ ፍጥነት ያን ያህል ሙቀት ከየት ይመጣል? ፒተር ሮና የሚባል አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት ግን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ "አለ" እያለ ተከራከረ። በ1985 እሱ የመራው ቡድን 26 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት፣ "ታግ" በሚባለው ሥፍራ ጥቁር ጢሰኞችን አገኘ። 200 ሜትር ስፋትና 50 ሜትር ቁመት ያለው የማዕድን ጉብታ ነው፤ ከአናቱ ጢስ ይትጎለጎላል።

ፓሲፊክ ውስጥ የፍል ውሃዎቹ ንጉሦች ቀይ ጉትዬ ያላቸው፣ ሁለት ሜትር ሊደርሱ የሚችሉ ግዙፍ ቱቦ ትሎች ናቸው። ታግ ላይ አንድም ትል የለም። በእነሱ ፋንታ ሽሪምፕ ነው፤ ሽሪምፕ በሽሪምፕ ላይ። እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 2,500 የሚደርሱ፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ እየተሳበ የሚተራመስ መንጋ። ቪዲዮውን ያየ ሰው የሚያስታውሰው የንብ ቀፎ ነው። እኔ ያስታወሰኝ ግን የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ከጢሱ ጭምር።

በ1986 የዘርፉ ሊቅ ኦስቲን ዊሊያምስ ከሮና ጋር ሆኖ ዝርያውን ለሳይንስ አስመዘገበው፦ ሪሚካሪስ ኤክሶኩላታ። "ሪማ" በላቲን ስንጥቅ ነው፤ "ካሪስ" ሽሪምፕ፤ "ኤክሶኩላታ" ደግሞ አይኑን የተነጠቀ። ሌሎች ሽሪምፖች ግንባራቸው ላይ በዘንግ ጫፍ የቆመ አይን አላቸው። ይሄ የለውም። በጨለማ ለሚኖር ፍጥረት ደግሞ አይን ምን ይሠራለታል? ነገሩ ትርጉም ይሰጣል። ትርጉም የሚሰጥ ነገር ደግሞ ማንም ሁለተኛ አያየውም።

ሁለተኛ ያየችው ሲንዲ ሊ ቫን ዶቨር ናት። ያኔ ዉድስ ሆል በሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሥራዋ የሽሪምፖቹን አመጋገብ ማጥናት እንጂ አይናቸውን መፈለግ አልነበረም። ከአልቪን የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ስታይ ግን የእንስሳቱ ጀርባ ላይ፣ ከጭንቅላታቸው ወደ ኋላ፣ ሁለት የሚያብረቀርቁ መስመሮች ደጋግመው ታዩዋት። ቪዲዮውን ከእሷ በፊት ብዙ ሰው አይቶታል። እሷ ግን ናሙና አውጥታ ቅርፊቱን ከፈተች። ከሥሩ ሁለት ረዘም ያሉ አካላት አሉ፤ ከእነሱም ወደ አንጎል የሚሄድ ወፍራም ነርቭ።

ነርቭ ካለ ስሜት አለ። ግን የምን ስሜት? ናሙናውን የእንስሳት አይን ለሚያጠናው ለስቲቨን ቻምበርሌይን ሰጠችው። ኢቴ ዙትስ የሚባል ሌላ ባለሙያ ደግሞ አካሉ ውስጥ ሮዶፕሲን አለ ወይ ብሎ መረመረ፤ ሮዶፕሲን በእኛም አይን ውስጥ ብርሃን የሚይዘው ቀለም ነው። ነበረ፤ ያውም በብዛት። ውጤቱ በ1989 "ኔቸር" መጽሔት ላይ ወጣ። አይን የለሹ ሽሪምፕ በጀርባው ላይ አይን ተሸክሞ ተገኘ። እርግጥ እንደ እኛ አይን አይደለም። ሌንስ የለውም፤ ስለዚህ ምስል አይሠራም፤ ፊት ለይቶ አያይም። ትልቅና ወፍራም ሬቲና ብቻ ነው፤ ትንሽ ብርሃን እንኳ እንዳያመልጠው ከኋላው ነጭ አንጸባራቂ ንጣፍ አለው። መስመሮቹ ቪዲዮ ላይ ያብረቀረቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሙስ ተቀየረ? አልተቀየረም። የእንስሳት ስያሜ ሕግ አንድ ስም የተሳሳተ ትርጉም አለው ተብሎ እንዲሻር አይፈቅድም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ "አይኑን የተነጠቀ" እየተባለ ይጠራል። እኛ ሰፈር አንዴ የወጣ ቅጽል ስም እንደማይለቀው።

ከአይኑ በላይ ራስ ያዞረው ግን ተከትሎ የመጣው ጥያቄ ነው፦ ምን ሊያይ? ፀሐይ የለም፤ ጨረቃ የለም። ቫን ዶቨር አንድ ግምት ነበራት። የጋለ ብረት እንደሚያበራው 350 ዲግሪ የደረሰ ውሃም ትንሽ ያበራ ይሆናል። በ1988 ጂኦሎጂስቱ ጆን ደሌኒ ከካናዳና ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ ወዳለው የሁዋን ደ ፉካ ሸንተረር ሲሄድ አንድ ነገር እንዲሞክርላት ጠየቀችው፤ ጥቁር ጢሰኛው ፊት ቆሞ መብራቶቹን እንዲያጠፋ። እስቲ አስቡት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሰርጓጅ እዚያ ለመድረስ የሚከፈለው ገንዘብ ስንት ሆኖ ማን መብራት አጥፍቶ ይቀመጣል? ደሌኒና ባልደረባው መብራቱን አጠፉ፤ ደካማ ብርሃን የሚይዝ ካሜራ ከፈቱ። ፍል ውሃው ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያበራ ነበር። ቫን ዶቨር ጋ የደረሳት መልእክት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ፍል ውሃዎቹ ያበራሉ የሚል። (የሚገርመው፣ ያ ፍል ውሃ ፓሲፊክ ውስጥ ስለሆነ ሪሚካሪስ የሚባል ሽሪምፕ የለውም።)

የብርሃኑ አብዛኛው ክፍል ከሙቀት የሚመጣ፣ ወደ ቀዩና ከቀዩም ወዲያ ወዳለው ያጋደለ ነው። የሽሪምፑ አይን ደግሞ በይበልጥ የሚይዘው ሰማያዊ አረንጓዴውን ነው። ስለዚህ በእርግጥ ያንን ብርሃን ያዩታል ወይ የሚለው ክርክር አላለቀም። ያዩታል የሚሉት ሁለት ጥቅም ይጠቅሳሉ። አንደኛው መንጋውን የጣለ ወደ ቤቱ መመለሻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዳይቀቀል ነው። ሽሪምፑ የሚኖረው ከሦስት እስከ ሃያ አምስት ዲግሪ በሚሆን ውሃ ውስጥ ሲሆን ወደ 38 ዲግሪ ሲጠጋ መቆም ያቅተዋል። ከቆመበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ 350 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይፈሳል። እንዲህ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሰው፣ ይቅርታ፣ ለሚኖር ሽሪምፕ፣ ጀርባ ላይ አይን ቢኖር ምን ይገርማል?

ቫን ዶቨር በ1990 አልቪንን የነዳች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ተሳፋሪ ሆና ከምትለምን መሪውን መያዙን መረጠች፤ እኔ እንዲህ ያሉ ሴቶች ደስ ይሉኛል።

ታሪኩ ግን ጥሩ ብቻ አይደለም። በጣም ደካማ ብርሃን ለመያዝ የተሠራ አይን ፊት የሰርጓጅ መብራት ሲበራ ምን ይሆናል? በ1999 ፒተር ሄሪንግና ባልደረቦቹ ኔቸር ላይ ባወጡት ጥናት ሰርጓጆች በሚመላለሱባቸው ፍል ውሃዎች የተሰበሰቡት ሽሪምፖች ሬቲና በመብራቱ ተጎድቶ መገኘቱን ጻፉ፤ ጉዳቱም የሚጠገን አይመስልም። ሊያዩዋቸው የሄዱት ሰዎች አሳውረዋቸዋል ማለት ነው። ለሚዛን ያህል፣ ከ1994 እስከ 2004 ታግ ላይ የተደረገው ክትትል የመንጋው ስፋት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። መንጋው አለ። እያንዳንዱ ሽሪምፕ ግን ምን ያህል እንደሚያይ ሌላ ጉዳይ ነው። ካሜራ ይዘን ሰው ቤት የምንገባ ሰዎች ይቺን ጥናት ብናነባት አይከፋም።

ምን እንደሚበሉ አልነገርኳችሁም። አይበሉም፤ ያርሳሉ ብል ይቀላል። ስንጥባቸው ያለበት የደረት ክፍል አብጦ ሰፊ ጓዳ ሆኗል፤ የአፋቸው ዙሪያ ክንዶችም በፀጉር ተሸፍነዋል፤ እዚያ ላይ ባክቴሪያ ያበቅላሉ። ሽሪምፑ ከፍል ውሃው አጠገብ የሚቆመው ለባክቴሪያዎቹ ጋዝና ኦክስጅን ሊያጠጣ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ባክቴሪያዎቹ የሠሩት ምግብ በቀጥታ በቆዳው ውስጥ ሰርጎ ወደ ሰውነቱ ይገባል። በየአሥር ቀኑ ገደማ ደግሞ ቅርፊቱን ይቀይራል፤ እርሻው አብሮ ይወልቃል፤ ከዚያ እንደገና ከዘር ይጀምራል።

እርስ በርሳቸው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር በተራራቁ ፍል ውሃዎች ላይ ያው ዝርያ እንዴት ተገኘ የሚለው ሌላው እንቆቅልሽ ነው። ከአዞረስ ደቡብ ካለው "ሬይንቦ" ጀምሮ በታግና በ"ስኔክ ፒት" በኩል እስከ ምድር ወገብ ደቡብ ድረስ፣ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ሰንሰለት ላይ ይገኛል። አዋቂው ሽሪምፕ ያንን መንገድ መሄድ አይችልም፤ ከፍል ውሃው ቢርቅ ይራባል። የሚጓዘው እጩ ነው። ትናንሾቹ ሲያዙ ብርቱካናማ ቀለም አላቸው፤ ሰውነታቸው ውስጥ የተከማቸው ስብ ሲመረመር ምንጩ ከላይ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ባህር ነው። ልጅነታቸውን ሌላ ቦታ ሌላ ምግብ እየበሉ ያሳልፉና አድገው ወደ ጢሱ ይመለሳሉ። የዘረመል ምርመራውም የሩቆቹ መንጋዎች እርስ በርስ እንደሚቀላቀሉ ያሳያል። "ፀሐይ አታስፈልጋቸውም" ያልነው እንግዲህ ለአዋቂዎቹ ብቻ ነው።

እንቁላል የተሸከመች እናት ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ከስንት አንዴ ብቻ ነበር የምትገኘው። በሺዎች መካከል አንድ ሁለት። ግምቱ በዛ፤ እናቶቹ ሌላ ቦታ ይሸሸጋሉ ተባለ። በ2014 መጀመሪያ የፈረንሳይ ቡድን በጥርና በየካቲት ሲወርድ ግን ብዙ እንቁላል ያቀፉ እናቶች እዚያው መንጋው ውስጥ አገኘ። ቀደም ያሉት ጉዞዎች አብዛኞቹ የሚደረጉት ባህሩ ጸጥ በሚልበት በበጋቸው ነበር፤ እናቶቹ ደግሞ የሚያቅፉት በክረምታቸው። ፀሐይ የማያውቅ ፍጥረት ወቅት ጠብቆ ይወልዳል ብሎ ማን ይገምታል?

ዘመዶቻቸው ሌላም ቦታ አሉ። በ2000 ጃፓኖች ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ "ካይሬይ" የሚባለውን ፍል ውሃ ሲያገኙ በጢሱ ዳር የተደራረበው መንጋ ከአትላንቲኩ ጋር የወንድም ያህል የሚመሳሰል ሆነ። በ2010 ደግሞ እንግሊዞች ካሪቢያን ውስጥ አምስት ሺ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሌላ የሪሚካሪስ ዝርያ አገኙ። ምሥራቅ ፓሲፊክ ግን እስካሁን የትሎቹ ግዛት ነው።

ቀይ ባህርስ? መጠየቃችሁ አይቀርም። አፋር ላይ የሚገናኙት ሦስት ስንጥቆች፣ የቀይ ባህር፣ የኤደን ባህረ ሰላጤና የእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ከአትላንቲኩ ወለል ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ናቸው፤ በ2005 መስከረም ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር መከፈቱ የዚሁ ሥራ ነው። ቀይ ባህር ወለል ላይም የሞቀ ጨዋማ ውሃ መኖሩ ከጋላፓጎሱ ግኝት በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ ታውቋል። ሽሪምፖቻችን ግን እዚያ አልታዩም። በባብ ኤል መንደብ በኩል ያለው መግቢያ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነው፤ የባህሩ ጥልቅ ውሃም 21 ዲግሪ ስለሚሞቅ ቀዝቃዛ ጥልቀት ለለመደ ፍጥረት ሌላ ዓለም ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ሌላ ነገር አለ። ፍል ውሃው የጠራቀመው ጉብታ መዳብ፣ ዚንክና ወርቅ ያለበት ማዕድን ነው። ታግ ከየትኛውም አገር ክልል ውጭ ስለሆነ በ1982ቱ የባህር ሕግ ስምምነት መሠረት "የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ" ነው፤ ሕጉ ጥቅሙ ባህር ላላቸውም ለሌላቸውም አገሮች እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። የባህር በር የለንም እያልን የምንቆዝመው ሰዎች በዚያ ጉብታ ላይ ድርሻ አለን ማለት ነው። ጉብታውን በአደራ የሚያስተዳድረው ኪንግስተን፣ ጃማይካ ያለው ዓለም አቀፍ የባህር ወለል ባለሥልጣን ነው። በአትላንቲኩ ሸንተረር ላይ ለሩሲያ፣ ለፈረንሳይና ለፖላንድ የማዕድን ፍለጋ ውል ሰጥቷል። ታግና ስኔክ ፒት ያሉት በ2014 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው ክልል ውስጥ ነው። ውሉ ፍለጋ እንጂ ቁፋሮ አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች ጢስ የሚተፋ፣ ሕይወት ያለበት ፍል ውሃ ጨርሶ መነካት የለበትም፣ ፈላጊ የሞቱትንና የቀዘቀዙትን ጉብታዎች ይቆፍር ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ መብራት ብቻ ይዘን ሄደን ያደረግነውን አይተናልና። የፈረንሳዩ ውል 15 ዓመት የሚሞላው በ2029 ነው።